ሳያይ የማያሳይ መሣሪያ፦ የሰው ገመና፣ ሕግና ሜታቨርስ

የሰው ልጅ ቤት ሠርቶ መኖር ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ከቤቱ አንዱን ክፍል ለእንግዳ፣ ሌላውን ለራሱ ሲለይ ኖሯል። አዳራሹ ለሰው ዓይን የተሰናዳ ነው፤ ጓዳው ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ማንም የማይዘልቅበት የገመና ማኖሪያ ነው። ሕግም ስለ ግል ሕይወት በተናገረ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የተናገረው በዚሁ በቤት አምሳል ነበር። አጥር፣ ደጃፍ፣ ቁልፍ፣ የታሸገ ደብዳቤ፤ የመብቱ ወሰን የተለካው በእነዚህ ነው። ከአጥሩ ውስጥ ያለው የተጠበቀ፣ ከአጥሩ ውጪ ያለው ግን ለተመልካች ሁሉ የተተወ ሆኖ ይቆጠር ነበር።

ይሁን እንጂ ከ130 ዓመታት ወዲህ የተፈለሰፉት መሣሪያዎች አጥሩን ሳይዘሉ፣ ደጃፉንም ሳይሰብሩ ወደ ጓዳው መዝለቅን ችለዋል። ካሜራው ከሩቅ አየ፤ የስልክ ሽቦው ከውጪ አስደመጠ፤ ኮምፒዩተሩ በልዩ ልዩ መዝገብ ተበታትኖ የነበረውን በአንድ ላይ ሰበሰበ። ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ሜታቨርስ የሚል ስም የተሰጠው ምናባዊ ዓለም መጣ። ሜታቨርስ ማለት በኮምፒዩተር የተሠራ፣ ሰዎች በያሉበት አገር ሆነው በአንድነት የሚገኙበት፣ የሚነጋገሩበት፣ የሚጫወቱበትና የሚገበያዩበት ዓለም ነው። ስሙን ያወጡለት አሜሪካዊው የልብ ወለድ ደራሲ ኒል ስቲቨንሰን ሲሆኑ፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት «ስኖው ክራሽ» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። ሰው ወደዚህ ዓለም በተሟላ መልኩ የሚገባው በዓይኑ ላይ መሣሪያ አጥልቆ ነው፤ በዚያም ዓለም ውስጥ የሚወክለው አቫታር የሚባል ምስል አለው። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪክ ዘመናት እንደ አውሮፓውያን፣ የኢትዮጵያ ሕጎች ዘመናት ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሰጥተዋል።)

የሕግ ሰዎችን ያሳሰበው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፤ ግድግዳና ደጃፍ በሌለበት፣ ያለውም ቢሆን የአንድ ድርጅት ንብረት በሆነበት ዓለም የሰው ጓዳው የት ነው? ጥያቄው አዲስ ይምሰል እንጂ፣ ለመልሱ የሚረዱት ትምህርቶች ከአሮጌዎቹ ሙግቶች ውስጥ የሚገኙ ናቸው።

የዱቄቱ ማስታወቂያ

ከ1880ዎቹ በፊት ፎቶግራፍ መነሣት ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። ተነሺው ከባለሙያው ፊት ተቀምጦ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበትና፣ ሳያውቅ ምስሉ የሚወሰድበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን በእጅ የሚያዝ ካሜራ ለገበያ ባቀረቡ ጊዜ ግን ይህ ልማድ ተፋለሰ። ማንም ሰው ማንንም በመንገድ ላይ፣ በመናፈሻ፣ በባሕር ዳርቻ ሊያነሣ ቻለ። ሁለት የቦስተን ጠበቆች፣ ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ፣ በዲሴምበር 15 ቀን 1890 በሐርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ያወጡት ዝነኛ ጽሑፍ የተወለደው ከዚህ ሁኔታ ነው። ጸሐፊዎቹ የቅጽበት ፎቶግራፍንና የጋዜጦችን ወሬ ፈላጊነት ጠቅሰው፣ ሰው ንብረቱ ባይነካ፣ አካሉም ባይቆስል፣ በግል ሕይወቱ ያለመደፈር መብት ሊኖረው ይገባል ሲሉ ተከራከሩ።

ፍርድ ቤቶች ግን ወዲያው አልተቀበሏቸውም። ሮበርሰን የተባለች የኒው ዮርክ ወጣት ሳትጠየቅ ምስሏ በዱቄት ማስታወቂያ ላይ ታትሞ 25,000 ያህል ቅጂ ተሠራጨ። ልጅቱም ከሰው መሳለቂያ የተነሣ ታማ እስከ መተኛት እንደ ደረሰች ገልጻ ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ1902 የግዛቲቱ የበላይ ፍርድ ቤት በአራት ድምፅ ለሦስት ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም በሕጉ ውስጥ እንዲህ ያለ መብት አልተጻፈም የሚል ነበር። ሕዝቡ ስለ ተቆጣ የግዛቲቱ ምክር ቤት በማግሥቱ ዓመት በ1903 የማንም ሰው ስምና ምስል ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ለንግድ ማስታወቂያ እንዳይውል የሚከለክል ሕግ አወጣ። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1905 ከዚሁ ጋር በሚመሳሰል ጉዳይ ላይ የተጻፈ ሕግ ሳይጠብቅ፣ መብቱ ከሰው ተፈጥሮ የሚመነጭ መሆኑን አምኖ ፈረደ።

ከዚህ ላይ ሁለት መንገዶች መለያየታቸውን ማጤን ያስፈልጋል። አንደኛው መንገድ የታየውን ጥፋት ብቻ ለይቶ በስሙ መከልከል ነው፤ ሁለተኛው ከጥፋቱ በስተጀርባ ያለውን መሠረተ ሐሳብ መያዝ ነው። የኢትዮጵያም የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ሲታወጅ በአንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ደንግጓል። ድንጋጌው ስለ ካሜራው ዓይነት አንዳች አልተናገረም፤ ትኩረቱ በምስሉና በባለምስሉ ላይ ነው። ቃሉ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ስለ አቫታር ለሚነሣ ጥያቄ እንኳ መነሻ ሊሆን የሚችለው ስለዚህ ነው።

ሽቦውና ደጃፉ

ሁለተኛው ታላቅ ሙግት የተነሣው በስልክ ነው። በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ ሽያጭ በተከለከለበት ዘመን፣ በሲያትል ከተማ በኮንትሮባንድ የተጠረጠሩትን ሮይ ኦምስቴድንና ግብረ አበሮቹን ለመያዝ የመንግሥት ሰዎች የስልክ ሽቦአቸውን ከቤታቸው ውጪ ጠልፈው ለብዙ ወራት አደመጡ። ነገሩ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ እ.ኤ.አ. በ1928 በአምስት ድምፅ ለአራት እንዲህ ተባለ፤ ወደ ቤት የገባ የለም፣ የተወሰደም ዕቃ የለም፤ ሽቦውም የቤቱ አካል አይደለምና ሕገ መንግሥቱ አልተጣሰም።

በዚህ ጊዜ ሉዊስ ብራንዳይስ ከዳኞቹ አንዱ ነበሩ። በልዩነት ሐሳባቸው ላይ ሳይንስ በስልክ ጠለፋ እንደማያበቃ፣ አንድ ቀን ሰነድን ከመሳቢያው ሳያወጡ በፍርድ ቤት ማቅረብ እንደሚቻል፣ ከዚያም አልፎ ሰው በቃሉ ያልገለጸውን እምነት፣ ሐሳብና ስሜት የሚመረምር ዘዴ ሊገኝ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ቃላቸው ሲጻፍ ሩቅ ግምት ይመስል ነበር። የዓይንን አቅጣጫ የሚከታተሉ መሣሪያዎች ለሕዝብ በሚሸጡበት በዚህ ዘመን ግን የቅርብ ጉዳይ ሆኗል።

ፍርድ ቤቱ ሐሳቡን እስኪለውጥ ድረስ 39 ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1967 ቻርልስ ካትዝ የተባለ ሰው በሎስ አንጀለስ በሕዝብ የስልክ ክፍል ውስጥ የተናገረው፣ ከክፍሉ ውጪ በተገጠመ ማድመጫ ተቀርጾ ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። ዳኞቹ በዚህ ጊዜ የሕገ መንግሥቱ ጥበቃ ለሰዎች እንጂ ለሥፍራዎች የተሰጠ አይደለም ሲሉ ወሰኑ። የስልክ ክፍሉን በር የዘጋ ሰው፣ ግድግዳው መስታወት ቢሆንም፣ ቃሉ እንደማይሰማበት አምኖ ነውና እምነቱ ሊከበር ይገባል ተባለ። በዚህ ፍርድ ሕጉ ከአጥር ወደ ሰው ተሻገረ። ነገር ግን ሌላ ችግር ተከትሎ መጣ፤ ሰው በጉልበት ሳይሆን በገዛ እጁ ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለመሥሪያ ቤት የሚሰጠው መረጃ ጠባቂው ማን ነው?

መዝገቡና ዓላማው

ኮምፒዩተር በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ መግባት ሲጀምር ይህ ጥያቄ ከአትላንቲክ ወዲህና ወዲያ በአንድ ጊዜ ተነሣ። በዓለም የመጀመሪያው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 በጀርመን የሔሰን ግዛት ነው፤ በአገር ደረጃ ደግሞ ስዊድን በ1973 ቀዳሚ ሆነች። በዚያው በ1973 በአሜሪካ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ያቋቋመውና ዊሊስ ዌር የመሩት ኮሚቴ ባቀረበው ዘገባ አምስት መርሖችን ዘረዘረ። በምሥጢር የሚያዝ የሰዎች መዝገብ አይኑር፤ ሰው በመዝገቡ ውስጥ ስለ እርሱ የተጻፈውን ለማወቅ ይቻለው፤ ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ አይዋል፤ የተሳሳተው ይታረም፤ መዝገቡን የያዘውም ከብልሹ አሠራር ይጠብቀው የሚሉ ናቸው።

ከአምስቱ ሦስተኛው፣ የዓላማ ወሰን ሊባል የሚችለው፣ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋናው ምሰሶ ነው። የቀድሞዎቹ ሙግቶች «ማየት ተፈቅዷል ወይስ አልተፈቀደም?» በሚለው ላይ ያተኮሩ ነበሩ። ይህ መርሕ ግን ማየቱ የማይቀር መሆኑን ተቀብሎ፣ ያየ ወገን ባየው ነገር ምን ሊያደርግበት እንደሚችል ይወስናል። ሐኪም ሕመምተኛውን ሳያይ አያክምም፤ ያየውን ግን በገበያ አያወራም። መርሑ ይህን የቆየ የሙያ ጨዋነት ወደ መዝገብ አያያዝ ያሸጋገረ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1983 በምዕራብ ጀርመን ሊደረግ የታሰበው የሕዝብ ቆጠራ ብርቱ ተቃውሞ ስላስነሣ፣ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በሚያዝያ ወር ቆጠራውን አግዶ፣ በዲሴምበር 15 ቀን ፍርዱን ሰጠ። ሰው ስለ ራሱ የሚነገረውን መረጃ አሰጣጥና አጠቃቀም ራሱ የመወሰን መብት አለው ሲል በየነ። ከዚህ ይልቅ በኋለኛው ዘመን ዓይን ክብደት ያገኘው ግን ሌላው ቃሉ ነው፤ መረጃ በኮምፒዩተር መዋሐድ ከቻለ ወዲህ፣ በራሱ ሲታይ ኢምንት የሚባል መረጃ የለም የሚለው። አንዱ ፍሬ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከሺህ ሌሎች ጋር ሲገጣጠም ግን ሰውየውን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 አጽድቆ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ጠቅላላ የመረጃ ጥበቃ ደንብ የዚህ የሐሳብ ግንድ ቅርንጫፍ ነው።

ከጣራ የተንጠለጠለው መሣሪያ

ሕጉ በዚህ ጎዳና ሲጓዝ፣ ሜታቨርስን የሚወልደው መሣሪያ በሌላ አቅጣጫ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 የኮምፒዩተር ሊቁ ኢቫን ሰዘርላንድ በራስ ላይ የሚደረግ፣ በሁለት ትንንሽ መስኮቶች ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ለሙያ ባልደረቦቻቸው አስተዋወቁ። መሣሪያው ከባድ ስለ ነበር ከጣራ ተንጠልጥሎ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህም በጥንታዊው ተረት ከንጉሡ ወንበር በላይ በተሰቀለው ሰይፍ ስም «የዳሞክሊስ ሰይፍ» የሚል ቅጽል ወጣለት። የሚያሳየውም በመስመር ብቻ የተነደፉ ቀላል ቅርጾችን ነበር።

ዋናው ቁም ነገር በአሠራሩ ላይ ነው። የምናቡ ክፍል እውነተኛ እንዲመስል ተመልካቹ ራሱን ወደ ቀኝ ሲያዞር ምስሉ ወደ ግራ መሸሽ አለበት። ይህ እንዲሆን ኮምፒዩተሩ የሰውየው ራስ በእያንዳንዷ ቅጽበት የት እንዳለ፣ ወዴት እንደ ዞረ ማወቅ ይኖርበታል። ከጣራው ጋር የተያያዘው ዘንግ ሥራውም ይኸው መለካት ነበር። እንግዲህ መሣሪያው ሰውን ሳያይ ለሰው ማሳየት አይችልም። ካሜራን መሸሽ፣ ስልክን መዝጋት፣ የቆጠራ ቅጽን አለመሙላት ይቻል ነበር። የዚህ ዓለም ደጃፍ ግን የሚከፈተው በመለካት ብቻ ነው፤ አልለካም ያለ ሰው ከውጪ ይቀራል።

ዛሬ ዘንጉ ቀርቶ በካሜራዎችና በጥቃቅን መለኪያዎች ተተክቷል፤ የሚለካውም ራስ ብቻ ሳይሆን እጅ፣ ቁመት፣ አቋቋም፣ በአንዳንዶቹም የዓይንና የፊት እንቅስቃሴ ነው። የስታንፎርዱ ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን እ.ኤ.አ. በ2018 እንደ ገለጹት፣ ሰው በምናባዊው ዓለም 20 ደቂቃ ሲቆይ ሁለት ሚሊዮን ሊሞላ ጥቂት የቀረው የሰውነት እንቅስቃሴ ምዝገባ ትቶ ይወጣል።

የምናቡ መንደሮች ዳኛ

መሣሪያው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሰዎች በኮምፒዩተር ውስጥ መንደር መሥርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ሉካስፊልም ሐቢታት የተባለውን ዓለም ለሙከራ ከፈተ። ነዋሪዎቹ በአቫታር እየተወከሉ ይነጋገሩ፣ ይነግዱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሌብነትና በጦር መሣሪያ መገዳደል በመነሣቱ፣ ነዋሪዎቹ በዚህ ዓለም መግደል ወንጀል ነው ወይስ ጨዋታ በሚል ተከራክረው እኩል ለእኩል ተከፈሉ፤ ሸሪፍም መረጡ። እ.ኤ.አ. በ1990 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ይሠሩ የነበሩት ፓቬል ከርቲስ በጽሑፍ ብቻ የሚኬድ ላምዳሙ የተባለ መንደር አቋቋሙ። በ1993 አንድ ተጠቃሚ በሌሎች ነዋሪዎች ስም በቃላት የጾታ ጥቃት ድርጊት ፈጸመ። የተጠቁት በቃላት ብቻ የተፈጸመ ነው ብለው አላቀለሉትም፤ ስብሰባ ተደርጎ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሳይገኝ ከባለሥልጣኖቹ አንዱ በራሱ ፈቃድ ጥፋተኛውን ከመንደሩ አስወገደው። ከዚያም በኋላ ነዋሪዎች አቤቱታ የሚያቀርቡበትና ድምፅ የሚሰጡበት ሥርዓት ተበጀ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የተከፈተው ሴከንድ ላይፍ ደግሞ ንብረትን አስገባ። ማርክ ብራግ የተባሉ የፔንሲልቬንያ ጠበቃ በዚያ ዓለም የገዙት መሬት ከመለያ መዝገባቸው ጋር ስለ ተዘጋባቸው ድርጅቱን ከሰሱ። ድርጅቱ ሲገቡ የተቀበሉት ውል ክርክሩ በግልግል እንዲታይ ያስገድዳል ሲል መለሰ። በ2007 የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ውሉ አንዱ ወገን ብቻውን ያረቀቀው፣ ሌላው ሳይደራደር የተቀበለውና ሚዛኑን የሳተ ነው ብሎ የግልግሉን አንቀጽ አልተቀበለም። ነገሩ በኋላ በስምምነት አለቀ።

ሦስቱ መንደሮች አንድ ነገር ያስተምራሉ። በምናቡ ዓለም ሕግ አውጪው፣ ፖሊሱ፣ ዳኛውና የግድግዳው ባለቤት አንድ ወገን ሊሆን ይችላል። ገመናን የሚመለከተውም ቃል የሚጻፈው በዚያው ውል ውስጥ ነው። በጆንያ ውስጥ ያለውን ሳያይ የገዛ ሰው ተስማምቷል ቢባልም፣ በምን ላይ እንደ ተስማማ የሚያውቀው ሻጩ ነው።

ከፊት ወደ መላ አካል

እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ኦኩለስ የተባለውን የምናባዊ እውነታ መሣሪያ ሠሪ ድርጅት ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ፤ ዋጋውም 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በ2020 አዲስ ተጠቃሚ ሁሉ በፌስቡክ መለያው እንዲገባ በመወሰኑ የጀርመን የውድድር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በዲሴምበር ወር ምርመራ ከፈተ። ጥያቄው የምናቡን ዓለም ደጃፍ ከማኅበራዊው መዝገብ ጋር ማሰር ተገቢ ነው ወይ የሚል ነበር። በ2022 ድርጅቱ የተለየ መለያ አዘጋጀ። እዚህ ላይ የሰውን ገመና በተዘዋዋሪ የጠበቀው የንግድ ውድድር ሕግ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

ድርጅቱ በኦክቶበር 28 ቀን 2021 ስሙን ሜታ ብሎ ለወጠ። ከአምስት ቀን በኋላ፣ በኖቬምበር 2፣ በፌስቡክ ላይ የነበረውን ፊትን የመለየት ሥራ እንደሚዘጋና ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን የፊት ልኬት እንደሚሰርዝ አስታወቀ። ከዚህ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት በኢሊኖይ ግዛት ሕግ መሠረት በቀረበበት ክስ 650 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል የገባው ስምምነት በፍርድ ቤት ጸድቆ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ የተሰሙት ሁለት ዜናዎች ጎን ለጎን ሲታዩ የዘመኑን መሸጋገሪያ ያመለክታሉ፤ የቆመ ፊት ልኬት ሲሰናበት፣ የሚንቀሳቀስ መላ አካልን የሚለካው መሣሪያ የድርጅቱ የወደፊት ተስፋ ሆኖ ቀረበ።

ሕጉ ያልጠራው ስም

ያ የኢሊኖይ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ መነሻውም በጣት አሻራ ክፍያ ይቀበል የነበረ አንድ ድርጅት ሲከስር የሰበሰበው አሻራ እንደ ዕቃ ይሸጣል የሚል ሥጋት ነበር። ሕጉ ብርቱ ጥርስ አለው፤ በቸልተኝነት ለተፈጸመ ጥሰት 1,000፣ ሆን ተብሎ ለተፈጸመ 5,000 ዶላር ተበዳዩ ራሱ ከስሶ ሊያገኝ ይችላል። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019 ተበዳዩ ሌላ ጉዳት ማስረዳት እንደማያስፈልገው ወስኗል። ነገር ግን ሕጉ የሚጠብቃቸውን መለያዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ ጠራ፤ የዓይን ልኬት፣ የጣት አሻራ፣ የድምፅ አሻራ፣ የእጅ ወይም የፊት ቅርጽ ልኬት። የሰውን አረማመድና የራሱን አነቃነቅ አልጠራም።

ይህ ክፍተት ቀላል አለመሆኑን ሁለት ጥናቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ከ511 ሰዎች መካከል፣ ከእያንዳንዳቸው አምስት ደቂቃ ባልሞላ የእንቅስቃሴ መረጃ፣ ማን ማን መሆኑን በ95 በመቶ ትክክለኛነት ለዩ። በ2023 የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የተካፈሉበት ሌላ ጥናት በአንድ የሙዚቃ ጨዋታ ላይ የተመዘገበ የራስና የእጅ እንቅስቃሴ ወስዶ፣ ከ55,000 በላይ ከሆኑ ተጫዋቾች መካከል አንዱን በ100 ሴኮንድ እንቅስቃሴው ብቻ ከ94 በመቶ በላይ በሆነ ትክክለኛነት ሊለየው ቻለ። የሰው እንቅስቃሴ ስሙን የሚናገር ፊርማ ሆኗል። የ1983ቱ የጀርመን ፍርድ ኢምንት መረጃ የለም ያለው በተግባር ተረጋገጠ።

የአውሮፓው ደንብ የተሻለ ስፋት አለው፤ ባዮሜትሪክ ሲል የባሕርይና የአድራጎት ምልክቶችንም ያጠቃልላል። ይሁን እንጂ ከፍተኛውን ጥበቃ የሚሰጠው መረጃው ሰውየውን ለመለየት በሚል ዓላማ ሲሠራበት ነው። ድርጅቱ «እንቅስቃሴውን የምመዘግበው ምስሉን ለማስተካከል እንጂ ሰውን ለመለየት አይደለም» ቢል፣ ያው መረጃ ነገ ሰውን ሊለይ የሚችል ሆኖ ሳለ ዛሬ ከልዩው ጥበቃ ውጪ ሊቆይ ይችላል።

ሌላ መንገድ የሞከረች አገር ቺሊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2021 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ የአንጎልን እንቅስቃሴና ከእርሱ የሚገኘውን መረጃ ሕግ እንዲጠብቅ ደነገገች። የጉዳዩ አንቀሳቃሽ የነበሩት ጊዶ ጂራርዲ የአንጎል እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ ገዝተው በሻጩ ድርጅት ላይ ባቀረቡት አቤቱታ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 መረጃቸው እንዲሰረዝ አዘዘ። ብራንዳይስ በ1928 የፈሩት ነገር ከ95 ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ዳኝነት አገኘ።

በኢትዮጵያም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን የመከበርና የመጠበቅ መብት ሲደነግግ፣ ከቤትና ከደብዳቤ አልፎ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጠቅሷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ጉዳዩን በዝርዝር ይዞ ተቆጣጣሪነቱን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። አዋጁ ለአንድ መሣሪያ ብቻ የወጣ ሳይሆን የግል ዳታን በጠቅላላው የሚመለከት በመሆኑ፣ የእንቅስቃሴ መረጃ በውስጡ የሚያገኘውን ሥፍራ ወደፊት የሚወስኑት ተርጓሚዎቹና አስፈጻሚዎቹ ናቸው።

ጥበቃና ክትትል

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሳይፈታ የቀረ አንድ ቋጠሮ አለ። በምናቡ ዓለም የሚፈጸም ጥቃት ከላምዳሙ ዘመን ወዲህ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ ላይ በሜታ ዓለም ውስጥ አቫታራቸው እንደ ተደፈረ ሴቶች ከተናገሩ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2022 ድርጅቱ በአቫታሮች መካከል አራት ጫማ ያህል ርቀት የሚያስጠብቅ ወሰን አበጀ። አጥፊን ለመቅጣት ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃም ምዝገባ ይጠይቃል። ሁሉን የሚመዘግብ ዓለም ለተጠቂው ደኅንነት ሲሰጥ የሁሉንም ገመና ይነሣል፤ ምንም የማይመዘግብ ዓለም ደግሞ ለአጥፊው መሸሸጊያ ይሆናል። ሁለቱንም በሙሉ መያዝ አይቻልም።

ቢሆንም መካከለኛ መንገድ እንዳለ አንዳንድ አሠራሮች ያመለክታሉ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ እየተያዙ፣ አቤቱታ ካልቀረበ በላያቸው ላይ ሌላ እየተቀዳ የሚጠፉበት ዘዴ አንዱ ነው። አፕል በ2024 ለሽያጭ ባቀረበው መሣሪያም ተጠቃሚው የት የት እንደሚያይ ከመሣሪያው እንደማይወጣ፣ ፕሮግራሞች የሚያውቁት በጣቱ ምልክት የመረጠውን ብቻ እንደ ሆነ ድርጅቱ ገልጿል። ይህ የ1973ቱ የዓላማ ወሰን በመሣሪያው አሠራር ውስጥ ሲገባ ማለት ነው። ነገር ግን ድርጅት በፈቃዱ የሰጠውን በፈቃዱ ሊወስደው ይችላልና፣ አሠራሩ በሕግ ግዴታ ካልታሰረ ዋስትና አይሆንም።

ሕግ አርቃቂዎችን የሚፈትነው እንግዲህ የቃላት ምርጫ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ በአዲስ መሣሪያ ስም በጥድፊያ የሚወጣ ሕግ ከመሣሪያው ጋር ያረጃል። ሜታቨርስ የሚለው ስም ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2022 በኋላ የቀድሞ ሞቅታውን አጥቷል፤ መለኪያዎቹና ካሜራዎቹ ግን ወደ ተራ መነጽር እየተሸጋገሩ ናቸው። በስሙ የወጣ ሕግ ቢኖር ኖሮ ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ በሆነ ነበር። የ1952ቱ አንቀጽ 27ም፣ የ1967ቱ ፍርድም፣ የ1973ቱ መርሖችም ያላረጁት ከሰውየው ምን ተወሰደ ብለው ስለ ጠየቁ ነው።

ሳያይ የማያሳይ መሣሪያን እንዳያይ መከልከል አይቻልም። የሚቻለው ያየውን በዚያው ቅጽበት እንዲረሳ፣ ለምስሉ ሲል የለካውን ለማስታወቂያ፣ ለቅጥር ምርጫ ወይም ለስለላ እንዳያውል ማስገደድ ነው። ለዚህም የእንቅስቃሴ መረጃ፣ የሰበሰበው ወገን ዓላማዬ ነው የሚለው ምንም ይሁን ምን፣ ሰውን መለየት እስከቻለ ድረስ እንደ ጣት አሻራ ሊቆጠር ይገባዋል። የጣት አሻራን ለማኖር ሰው ጣቱን ቀለም ነክሮ በወረቀት ላይ ያሳርፍ ነበርና ቢያንስ መስጠቱን ያውቅ ነበር። በምናቡ ዓለም ግን ራሱን ዞር ያደረገ ሁሉ ሳያውቀው ፈርሟል።